ዩኒፎርም ለጫካ

ዛፍ ለማየት ብሎ አገር አቋርጦ የሚሄድ ሰው በእኛ ሰፈር አልነበረም። ዛሬ የአዳማ ወጣቶች ሚኒባስ ተከራይተው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርተው ሀረና ጫካ ድረስ ይሄዳሉ፤ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። ያኔ ግን፣ ከተማችን ናዝሬት በምትባልበት፣ መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ዛፍ ማየት ያማረው ሰው ከበሩ ወጣ ብሎ የጎረቤቱን ግራር ያያል። አበቃ። ስለዚህ እናቴ "ሌንሳ፣ ነገ ባሌ እንሄዳለን፤ ትልቁን ጫካ፣ ፓርኩን እናሳይሻለን" ስትለኝ ከአፌ የወጣው "ለምን?" ነው።

"ጉሬዛ አለ፣ ጦጣ አለ፣ አንበሳ ሳይቀር አለ" አለች።

"ጦጣ ሶደሬም አለ።"

"አቤት ይቺ ልጅ! የሰው ልጅ ሽርሽር ሲሉት በደስታ ይዘላል፤ አንቺ ትመረምሪያለሽ?"

አዎ፣ እመረምር ነበር። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ አቁሜዋለሁ፤ መመርመሩን ግን እስከ ዛሬ አላቆምኩም።

ማታውን እናቴ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አየኋት። ሁለቱን ቀሚሶቼን ከተተች። ሹራቤን ከተተች። የጥምቀት ቀሚሴን ከተተች፤ እሱን ሳይ ጥርጣሬ ገባኝ፤ የጥምቀት ቀሚስ ተለብሶ ጫካ አይገባም። ከዚያ ሰማያዊውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን አነሳችና ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በእጇ እየዳበሰች ብዙ ቆየች። አጠፈችው። ከሁሉም በላይ አድርጋ ከተተችው።

ዩኒፎርም ለጫካ ምን ያደርጋል?

ነገር ነገርን ይጎትታል፤ እኔም አባቴን ማየት ጀመርኩ። አባቴ መርዳሳ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከአርሲ ነገሌ ገበያ ስንዴና በቆሎ እየጫነ ናዝሬት ያራግፋል። ሲመለስ ባቱ ላይ ዓሣ ይገዛል፤ ጥጉ ላይ ሲደርስ ጡሩንባውን ይነፋና የሰፈር ልጅ ሁሉ "የሌንሳ አባት መጣ!" እያለ ይሮጣል። ከዚያ አንድ ጊዜ ሳይመለስ ቀረ። "ሥራ አግኝቶ አሰብ ሄዷል" አሉኝ። ከወራት በኋላ መጣ። ከስቶ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ፣ ያለ መኪናው። አሰብ ደርሶ የሚመጣ ሰው ፀሐይ አክስላው ነው የሚመጣው፤ የጎረቤታችን ልጅ ሲመጣ አይቼዋለሁ። አባቴ ግን ነጥቶ ነው የመጣው፤ ቤት ውስጥ እንደ ከረመ ሰው። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ይቀመጥና እጁን ያያል። መዳፉን ገልብጦ፣ ደግሞ መልሶ። ጡሩንባ የሰማ እንደሆነ ተነስቶ ጓዳ ይገባል።

ደግሞ ጋሽ ሰንበታ አሉ። የአባቴ አጎት ናቸው፤ ነገር ሲጣመም ሰው የሚጠራቸው ሽማግሌ። እሳቸው በመጡ ቁጥር እኔ ሱቅ እላካለሁ። ክብሪት ሞልቶ ተርፎ እያለ "ክብሪት ግዢ"። አንድ ቀን ክብሪቱን ሳልገዛ ተመልሼ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ አልኩ።

"ከብቱንም እምቢ አለ?" የእናቴ ድምፅ ነው።

"እምቢ አለ" አሉ ጋሽ ሰንበታ። "'ልጄን በከብት አልለውጥም' ብሎ መለሰን። ስንመላለስበት ከርመን በመጨረሻ አንዲት ነገር ብቻ ወጣችው። 'ሴት ልጅ አለችው አሉ። ልጅቱን ይዞ ይምጣ፤ ያን ጊዜ አነጋግረዋለሁ' አለ።"

"ትቅርልኝ ቢልስ፣ ጋሼ?"

"ካለ ትቀራለች፣ ዘርፌ። እኛ እኮ እምቢ የምንልበት አፍ የለንም።"

አባቴ እስኪናገር ጠበቅኩ። ግድግዳውን ሰንጥቄ የማየው ይመስል ጆሮዬን ጭቃው ላይ ለጥፌ ጠበቅኩ። "ልጄንማ አልሰጥም!" የሚል አንድ ቃል። ጣቶቹን ሲያንቋቋ ብቻ ሰማሁት፤ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሲጨንቀው እንዲያ ያደርጋል።

ዛሬ ነገሩን ሁሉ ስለማውቀው ላውራው። አባቴ አሰብ አልሄደም። ቡልቡላ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ወጥታ መንገድ የምትሻገር ዙህራ የምትባል ልጅ ገጭቶ ገድሎ ታስሮ ነበር። ልጅቱ የሀረና ልጅ ናት፤ ቡልቡላ የመጣችው አክስቷ ዘንድ ሆና እንድትማር ነው። ዕድሜዋ እንደኔ። መንግሥት ቀጥቶ ለቀቀው፤ የሟች ቤተሰብ ግን ገና አልታረቀውም። እኛ ዘንድ ለዚህ ጉማ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ሽማግሌ ገብቶ የገዳይንና የሟችን ቤተሰብ የሚያስታርቅበት። እሱ እስኪያልቅ አባቴ ያንን መንገድ አይረግጥም፣ መሪ አይጨብጥም፣ ለቅሶና ሠርግ ቤት ገብቶ ከሰው ጋር አይበላም። የሞተ ሰው ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚተነፍስ።

ይሄን ያኔ የነገረኝ የለም። እኔ የማውቀው፣ አንድ ሰው ከብት እምቢ ብሎ ልጅ እንደጠየቀ፣ አባቴ ዝም እንዳለና ሻንጣዬ ውስጥ ዩኒፎርሜ እንዳለ ነው። ገጣጠምኩት። ሰጥተውኛል።

በአሰላ በኩል ነው የሄድነው።

"በባቱ እንሂድ" አልኩ አውቶቡሱ ውስጥ። "ዓሣ እንበላለን።"

"በዚያ አንሄድም" አለ አባቴ።

"ለምን? አንተ ሁልጊዜ በዚያ አይደል የምትሄደው?"

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እንግዲህ መንገዱንም የቀየሩት ተመልሼ እንዳላገኘው ነው አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ እምቢ አልኩ። ያለፍንበትን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ፤ የወደቀ ድልድይ፣ ቆርቆሮው ቀይ የሆነ መስጊድ፣ አንገቷ የታሰረ ነጭ በቅሎ። በቅሎዋ እስክመለስ እዚያው የምትጠብቀኝ ይመስል።

ጎባ አድረን ጠዋት ላንድሮቨር ተከራየን። ከኋላ በግ ተጫነ። እኔን ከእናቴና ከጋሽ ሰንበታ መሃል አስቀመጡኝ፤ በሩን እንዳልከፍት መሆኑ ገብቶኛል። ፓርኩ መግቢያ ላይ ዘብ አስቆመን።

"ወዴት ናችሁ?"

"ፓርኩን ልናይ ነው" አሉ ጋሽ ሰንበታ፣ ሳያፍሩ።

"በግ ይዛችሁ?"

"ምሳችን ነው።"

ዘቡ በጉን አየ። የጋሽ ሰንበታን ነጭ ጋቢ አየ። የአባቴን ፊት አየ። ዞሮ ዞሮ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ያኔ ኮፍያውን አወለቀ፣ ምንም ሳይጠይቅ እንጨቱን አነሳልን። አንገቴን አዙሬ ሳየው አሁንም ኮፍያው በእጁ ነው። ለካ እሱም አለበት አልኩ። አለበት፣ በርግጥ፤ የዚያው አገር ልጅ ስለሆነ ማን እንደሆንንና ወዴት እንደምንሄድ ሳንነግረው ነው የገባው። አክብሮን ነው። ለእኔ ግን ለሬሳ የሚወለቅ ኮፍያ ነበር።

መጀመሪያ ተራራው አናት ላይ ወጣን። ሰነቴ ይባላል። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ጅብራ የሚባለው ተክል በጉም ውስጥ ቆሞ ሰው ይመስላል። አንድ ቀይ ቀበሮ መንገዱ ዳር ቆሞ አየን። "እዪ! እዪ ሌንሳዬ!" አለች እናቴ፣ ደስ ያላት ለመምሰል። አላየሁም አልኳት፣ እያየሁት።

ከዚያ መሬቱ ድንገት ቁልቁል ወረደና ጫካው ዋጠን። ቀትር ላይ ነው፤ ግን ጨለመ። ዛፎቹ ጢም አላቸው። ከየቅርንጫፉ ግራጫ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ግንዳቸው አረንጓዴ ሱፍ ለብሷል። ሁሉ ነገር ያንጠባጥባል፤ ዝናብ ሳይኖር። የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥብ አፈር ሽታ ከመስኮቱ ይገባል፤ የሆነ ወፍ እንደ አሮጊት ይስቃል። ከላይ ጉሬዛዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ፊት፣ ነጭ ጋቢ የመሰለ ጸጉር ትከሻቸው ላይ። ሽማግሌ መሰሉኝ። በእኔ ጉዳይ ተሰብስበው የጨረሱ።

ባለፈው ዓመት ልጄ ጓደኞቿን ይዛ እዚያው ጫካ ሄዳ ስትመለስ "እማ፣ ገነት ነው እኮ!" አለችኝ። ገነት መሆኑን ለማወቅ እኔ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መንደሩ ሳይደርስ መኪናው ቆመ። አባቴ ወረደ። ጫማውን አወለቀ። ካልሲውን አወለቀ። እርጥብ ሳር ነጭቶ በአንድ እጁ ያዘ። ከዚያ መንገድ ዳር ጎንበስ ብሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ አነሳ፤ ማጅራቱ ላይ ጫነው።

ያን ጊዜ ልቤ ዘለለ። ድንጋይ ያዘ! ሊዋጋልኝ ነው! እስካሁን ዝም ያለው ሰውየውን እስኪያገኘው ነው እንጂ አልሰጠኝም። ከጎኑ እየሮጥኩ "አባዬ፣ እኔም ልያዝ? ትንሽ ድንጋይ ልያዝልህ?" አልኩት። አባቴ ወደ ታች አየኝ። ፊቱ እንዴት እንደሆነ አሁን ብነግራችሁ አትረዱኝም። "አያስፈልግም፣ ልጄ" አለ። ብቻውን ተሸክሞ ሄደ።

ከአጥሩ ዳር አንዲት ሴት ቅል ሙሉ ውሃ ይዛ ቆማለች። ጉሮሮዬ ደርቋል። እጄን ዘረጋሁ። እናቴ እጄን ጠፍ አደረገችው።

"እዚህ ቤት ውሃ አይጠጣም!"

"ጠምቶኛል!"

"አይጠጣም አልኩሽ!"

ሴትዮዋ ቅሉን ይዛ ወደ ኋላ አለች፤ አልተቆጣችም። የዙህራ እናት ከሪማ ናት። ሥርዓቱ እንዲያ ነው፤ እርቅ ሳይወርድ ሁለቱ ቤተሰቦች ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። እኔ ግን ውሃው መርዝ አለው ብዬ ደመደምኩ፤ ጥምም እንኳ ጠፋልኝ።

ሰውየው ዛፍ ላይ ነበር። ትልቅ ኮሶ ዛፍ ላይ፣ ረጃጅም ቀፎዎች በተሰቀሉበት፣ ጭስ እየተትጎለጎለ። በገመድ ሲወርድ እግሩን አየሁ፣ ቀጥሎ ማር የተለቃለቀ እጁን፣ ቀጥሎ ፊቱን። ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ቀጭን፣ አጭር፣ ጢሙ የሳሳ ሰው ሆኖ ተገኘ። ኡበይደላ።

አባቴ ድንጋዩን እንደተሸከመ እግሩ ሥር ተንበረከከ። ሳሩን ዘረጋለት።

ሊዋጋ አይደለም። ሊለምን ነው! ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ ተንበረከከ! አንድ አባት ነበረኝ፤ እዚያች ደቂቃ አጣሁት።

ኡበይደላ ጉቶ እንደሚያልፍ ሰው አባቴን አልፎ እኔ ፊት ቆመ። ጭስና ማር ይሸታል። በኦሮምኛ ነው የሚያወራው፤ የባሌው ፈጠን ይላል እንጂ እሰማዋለሁ።

"ስምሽ ማነው?"

"አልናገርም።"

"ሌንሳ ነው ስሟ" አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

"እሷን ነው የጠየቅኩት" አለ፤ ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ። "ትማሪያለሽ?"

"እማራለሁ። ዩኒፎርሜን ሻንጣዬ ውስጥ ከተውታል።"

እሱን ያልኩት እንዲያፍሩ ነው። አውቄባችኋለሁ ለማለት።

"ዩኒፎርም?" አለ ኡበይደላ። አሁን ወደ እናቴ ዞረ። "እዚህ? ዩኒፎርም?"

እናቴ መሬት መሬት አየች። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጨመረች። የከሪማ ቅል ከእጇ ወድቆ ውሃው ፈሰሰ፤ ከሪማ ሮጣ ቤት ገባች። ከውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ለቅሶ አይደለም፤ የተያዘ ለቅሶ ነው። ትንሽ ቆይታ ወጣችና ምንም ሳትለኝ ጎንበስ ብላ አናቴን አሸተተችኝ። ረዘም አድርጋ። ልትመዝነኝ መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ፤ የእነሱም የእኛም። ወሬው ረጅም ነበር። አባቴ ድንጋዩን አላወረደም። ላቡ ከአገጩ እየተንጠባጠበ ሳሩን ያረጥበዋል፤ ክንዱ ይንቀጠቀጣል። ንብ በጆሮው ዙሪያ ስትዞር እንኳ አልተነቃነቀም። ጋሽ ሰንበታ "ከተማ ላይ ቃል አዋቂ" የሚባሉት ሰውዬ ድምፃቸው ቀጥኖ ልጅ መሰሉ። ኡበይደላ ግን የቢላዋውን ስለት በሳር ይጠርጋል። አንዴ ብቻ እንዲህ አለ፦

"ትምህርት ቤት ላክኋት። እዚህ ጫካ ውስጥ አንበሳ አለ፣ እዚያ መንገድ ነው ያለው፣ ከተማ ነው፣ ትትረፍልኝ ብዬ።"

ወፏ ብቻ ሳቀች።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ቀና አለ። "ድንጋዩን አውርዱለት።"

ሁለት ሰው ገብቶ አወረደለት። አባቴ ግን ጎብጦ ቀረ፤ አንገቱ እምቢ ብሎ። ከሪማ ማር በጣባ አመጣች፤ ከነእጩ፣ ገና የሞቀ። ኡበይደላ የቀኝ አውራ ጣቱን ነከረና ወደ አፌ ዘረጋ።

"ጥቢ" አሉ ጋሽ ሰንበታ። "የጡት አባትሽ ነው የሚሆነው።"

የጡት አባት! ወንድ ምን ጡት አለው? ዛሬ የጡት አባት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማር የተቀባ ጣቱን ያጠባህ ሰው አባትህ ነው፤ እንደ ወለደህ ይቆጠራል። እኔ ግን እናቴን አየሁ፤ ቅድም ውሃ የከለከለችኝን ሴት። "ጥቢ፣ ሌንሳዬ፣ ጥቢው የኔ ልጅ" ትላለች፤ እንባዋ ይወርዳል። ውሃ አይጠጣም ብላ አሁን ማር ትላለች! ያኔ ነገሩ በደንብ ገባኝ። አፍዝ አደንግዝ ነው። ከላስኩት ናዝሬትን እረሳለሁ፣ አባቴን እረሳለሁ፣ ነጯን በቅሎ እረሳለሁ፣ እዚህ ጢማም ዛፍ ሥር ዩኒፎርም ለብሼ እቀራለሁ።

አፌን ከፈትኩ። ጣቱ ሲገባ በሙሉ ኃይሌ ነከስኩት። አጥንቱ እስኪሰማኝ።

አልጮኸም። እኔ ስለቀው ደሙ በማሩ ላይ ወረደ፣ ጠብ ጠብ አለ ሳሩ ላይ።

"ደም!" አለ አንድ ሽማግሌ። ሌላው ተነሳ። በእርቅ ቀን፣ ከገዳይ ወገን፣ በሟች አባት ላይ ደም! የጋሽ ሰንበታ ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ። አባቴ በግንባሩ መሬት ተደፋ። እናቴ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ሁሉም ነገር ያኔ አለቀ። አባቴ ሞቶ እንደሚኖር፣ ያ ደም ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ፣ እኔ ብቻ ነበርኩ ያላወቅኩት።

ኡበይደላ ጣቱን አየው። ገልብጦ አየው። ከዚያ ጣቱን የራሱ አፍ ውስጥ ከተተና ጠባ። ማሩንም ደሙንም። እየጠባ ከሪማን አያት።

"ዙህራም ትናከስ ነበር" አላት።

ከሪማ ሳቀች። ሻሿን አፏ ላይ ጭና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና መሬት ተቀመጠች።

"ደም ነው ትላላችሁ?" አለ ኡበይደላ ለሽማግሌዎቹ። "ይኸው እኔው ጠጣሁት። ከእንግዲህ በመሃላችን የፈሰሰ ደም የለም። ተቀመጡ።"

የግራ አውራ ጣቱን ነከረና ዘረጋልኝ። "ይሄንንም መንከስ ትችያለሽ" አለ። "እኔ ግን ነገ ዛፍ ላይ የምወጣው በምንድነው?"

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ላስኩት። ሞቅ ያለ ነው፤ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ኋላ ጉሮሮ ላይ መረር ይላል። ናዝሬትን እንዳልረሳኋት ወዲያው ፈተሽኩ። አልረሳኋትም።

ኡበይደላ አባቴን በክንዱ ይዞ አስነሳው። "ልጄ ናት እንግዲህ" አለው።

"ልጅዎ ናት" አለ አባቴ።

ሰማችሁ? በአፉ ነው ያለው። እየጮህኩ ሮጬ የላንድሮቨሩን በር እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ። ሊያስለቅቁኝ የመጡትን ሁሉ በእግሬ ተማታሁ። በጉ ታረደ፣ ተበላ፣ እኔ አልለቅም። ሊመሽ ሲል ኡበይደላ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በሌላ እጁ ሻንጣዬን ይዞ መጣ። ሻንጣውን በእኔ አናት ላይ አሳልፎ መኪናው ውስጥ ወረወረው። አባቴ ከኋላው ቆሟል።

"ልጄን አደራ ሰጥቼሃለሁ" አለው ኡበይደላ። "አሳድግልኝ። በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ አምጣልኝ። መኪና ስትነዳም ልጄ አጠገብህ ተቀምጣለች ብለህ ንዳ።"

ከሪማ ውሃ በቅል አመጣች። ራሷ ጠጣች፣ ለአባቴ ሰጠችው፣ አባቴ ጠጣ፣ ለእናቴ። እኔ ዘንድ ሲደርስ አልጠጣም አልኩ። ጎባ ድረስ ሳልጠጣ ሄድኩ።

ተመለስን። ግን ቤቴ የተመለስኩ አልመሰለኝም። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቀን እጁን አላነሳብኝም። አልተቆጣኝም። ገበያ ሲሄድ "ምን ይምጣልሽ?" ይለኛል፣ እንደ እንግዳ። ጥሩውን ሥጋ በእኔ በኩል ያደርጋል። የሰፈሩ ልጆች ሲገረፉ እቀና ነበር። የፋኖስ ብርጭቆ ሆን ብዬ ሰበርኩ፤ እግሬን እንዳይወጋኝ ጫማ አምጥቶ አለበሰኝና ራሱ ጠረገው። ሰጥቶኛል፣ ስለዚህ የእሱ አይደለሁም፤ ስለዚህ አይመታኝም አልኩ። እንዲያ ነበር ያደግኩት። ዩኒፎርሙንም ባየሁ ቁጥር ያ ሻንጣ ይታየኝ ነበርና አራተኛ ክፍል ላይ አልለብስም ብዬ ቀረሁ። ለመነ፤ አልሰማሁትም። በየዓመቱ ግን ማር ሲቆረጥ ሀረና ወሰደኝ። በአሰላ በኩል። መኪና መንዳት ከጀመረም በኋላ፣ ከአጠገቡ ስቀመጥ በሬ እንደሚነዳ ሰው ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ የኋላ መኪና ሁሉ እየነፋበት።

ሁለት ልጅ ከወለድኩ በኋላ እናቴን ጠየቅኳት።

"ዩኒፎርሙን ለምን ከተትሽው?"

ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ።

"እዚያም ትምህርት ቤት አይጠፋም ብዬ" አለች። "ብትቀሪ እንዳታቋርጪ።"

እንግዲህ ያቺ ልጅ ብዙውን ነገር ተሳስታ ነበር፤ ይሄን ግን አልተሳሳተችም። ሊተዉኝ ተዘጋጅተው ነበር። የመለሰኝ ያ የነከስኩት ሰው ነው።

"አባዬስ? ያኔ ምን ይል ነበር?"

"አባትሽማ 'እኔ ልቅርለት፣ ንቡን ልጠብቅለት፣ ባሪያ ልሁነው' ብሎ ልኮ ነበር። ሰውየው 'አንተን ምን ላደርግህ' ብሎ መለሰበት። ከዚያ ወዲያ ነው ቃል የጠፋው።" ምስሯን መልቀም ቀጠለች። "አንቺ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን መጠየቅ አቅቶሽ ነው?"

አባቴ ካቻምና አረፈ። አዳማ ደጃፋችን ላይ ድንኳን ተጣለ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት አንድ ሽማግሌ፣ ጨርቅ የታሰረበት የማር ገንቦ በአንድ ክንዱ አቅፎ፣ ከዘራ ተደግፎ መጣ። በሕይወቱ ከሀረና ወጥቶ ናዝሬት ደርሶ አያውቅም። ተነስቼ ሮጥኩ።

"አባ! በየት መጣህ? በአሰላ?"

"በቡልቡላ" አለ።

አጭሩ መንገድ በአሰላ ነው። እሱ ደግሞ ያንን አስፋልት ዓይኔ አያየውም ብሎ የማለ ሰው ነው። አቧራው እግሩ ላይ አለ። "ወርጄ ቆምኩበት" አለኝ፤ "ከዚያ የአባትሽ ለቅሶ እንዳይረፍድብኝ ሌላ መኪና ያዝኩ።"

ድንኳኑ ውስጥ አስገባሁት። የዕድሩ ሰዎች ቦታ ለቀቁለት፤ አንዱ ገንቦውን እየተቀበለው "አባባ፣ ለሟች ምኑ ነዎት?" አለው።

ኡበይደላ የቀኝ አውራ ጣቱን በግራ እጁ ይዞ ትንሽ አሰበ። ጥፍሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠማማ ሆኖ ነው የሚያድገው።

"ልጄን ያሳደገልኝ ሰው ነው" አለ።